50 ማይሉን የምትሮጠው በማን ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም አሠልጣኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። 39 ዓመቴ ነው። የ8 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት ትሠራለች። እኔ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዲሲ ቢሮ ነው የምውለው። ባለፈው ዓመት ማራቶን በ4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ ኖቬምበር ላይ ጄ.ኤፍ.ኬ. 50 ማይል የሚባለውን የሜሪላንድ ውድድር መሮጥ አስቤያለሁ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት ፕላን በሳምንት 60 ማይል ይላል። ባለቤቴ ማታ ሥራ ስትሆን ልጆቹ ተኝተው እያለ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ወጥቼ ብሮጥስ ብዬም ነበር። እሷ ደግሞ ‹ማራቶኑን ከጨረስኩ ይበቃኛል ብለህ አልነበር?› ትለኛለች። ሩጫውንና ቤቴን ማስማማት ይቻላል?»

ምላሽ፦ ይቻላል፣ ወንድሜ። ግን ከሁሉ በፊት ስለዚያ የሌሊት 10 ሰዓት ሐሳብ እናውራ። ባለቤትህ ሥራ ባደረችበት ሌሊት ልጆቹ ተኝተዋል ብለህ ጥለሃቸው አትውጣ። ለሃያ ደቂቃም ቢሆን። የ3 ዓመት ልጅ ነቅቶ አባቱን ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። ሕጉም ግልጽ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ጠባቂ ቤት አይተውም። ጠባቂው ደግሞ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ስለዚህ ትልቁ ልጅህ ታናሹን ሊጠብቅልህ አይችልም። ይህን ሐሳብ ዛሬውኑ እርሳው።

አሁን ወደ 60 ማይሉ እንምጣ። እንዲህ ያሉ ፕላኖች ቤትህ ውስጥ ማን እንዳለ አያውቁም። ማይል ብቻ ነው የሚቆጥሩት። አንተ ግን ሰዓት ቁጠር። ከማራቶን ሰዓትህ ተነስቼ ስገምት ቀላል ሩጫህ በማይል 12 ደቂቃ አካባቢ ነው። በዚህ ፍጥነት 60 ማይል 12 ሰዓት ይወስዳል። መኪና መንዳቱ፣ ልብስ መቀየሩ፣ ሻወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ላይ ወድቆ መቅረቱ ሲጨመርበት ሁለት የሥራ ቀን ያህል ይሆናል። ይህን ሰዓት አሠሪህ አይሰጥህም። ወይ ከእንቅልፍህ ወይ ከባለቤትህ ነው የምትወስደው። ልጅ ያላቸው ሯጮች ቤት ጭቅጭቅ ሲነሳ የማየው ይሄንኑ ነው። ሰውየው ሰዓቱ የማን እንደነበር ሳይጠይቅ ይሮጣል። ቤት የቀረችው ግን በደንብ ታውቀዋለች።

የታወቁ ሯጮችን ፕሮግራም ለመኮረጅም አትሞክር። የኛው ሯጭ ከተማ ነጋሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ 50 ኪሎ ሜትርን በ2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሮጧል። ያ ድንቅ ነገር ነው። በዚያ ደረጃ ግን ሩጫ እንጀራ ነው፤ መብላቱም መተኛቱም የሥራው አካል ነው። አንተ እንጀራህ ሌላ ቦታ ነው።

ለመጨረስ የሚያስፈልግህ ከምታስበው ያነሰ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ከ6 እስከ 7 ሰዓት ይበቃሃል። ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ሳምንት 9 እና 10 ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ በላይ አልመክርህም። የምትራመድበትንም ጭምር ቆጥረህ በአማካይ ማይሉን በ13 ደቂቃ ብትሄድ 50ውን ከ11 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትጨርሳለህ። መንገዱ ላይ ምግብና ውኃ በሚሰጥባቸው ጣቢያዎች የሰዓት ገደብ ስላለ የዘንድሮውን ከውድድሩ መመሪያ ላይ አንብብ።

መንገዱን ማወቅም ሰዓት ይቆጥብልሃል። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የጦር መኮንኖች 50 ማይል በእግር መጓዝ መቻል አለባቸው የሚለውን አሮጌ መለኪያ ባነሱበት ሰሞን መሆኑ ነው። መነሻው ቡንስቦሮ፣ መድረሻው ዊልያምስፖርት። የመጀመሪያው 15 ማይል ገደማ በአብዛኛው ዳገትና ድንጋይ የበዛበት የተራራ የእግር መንገድ፣ አፓላቺያን ትሬይል ነው። ከዚያ ዌቨርተን ላይ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ትወርዳለህ። ቀጥሎ 26 ማይል ያህል የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው የሲ ኤንድ ኦ ካናል (የድሮ የጀልባ ቦይ) ዳር መንገድ ነው፤ ልሙጥ ሜዳ። የመጨረሻው 8 ማይል ወጣ ገባ ያለ አስፋልት ነው። ከመንገዱ ግማሽ የሚበልጠው ያ ካናል ነው፤ ካናሉ ደግሞ ጆርጅታውን ድረስ ይመጣል። የምትለማመድበት መንገድ ደጅህ ላይ ነው ማለት ነው።

ከመመዝገብህ በፊት ግን ባለቤትህን አነጋግራት። እሷ ያስታወሰችህ አንተ የሰጠሃትን ቃል ነው። ይህን እንደ ቅሬታ አትየው። ይበቃኛል ያልከው አንተ ነህ። ቃልህን መለወጥ ከፈለግህ ጠይቃት፤ ስትጠይቃትም ነገሩን ቁርጥ አድርገህ ንገራት። አንድ ውድድር፣ የሚያልቅበት ቀን የታወቀ፣ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት። «እንደምንም አመቻቸዋለሁ» አትበላት። እንደምንም የሚመቻቸው በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። ዘንድሮ አይሆንም ካለችህም ተቀበላት። 50 ማይሉ በየዓመቱ አለ። እስከዚያ የ50 ኪሎ ሜትር ውድድር ፈልግ፤ ከማራቶን ብዙም የማይበልጥ ልምምድ ይበቃዋል።

እሺ ካለችህ አንድ ትልቅ ካላንደር ገዝታችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ የእሷ ሺፍት ይጻፍ። ከየሺፍቱ በኋላ የምትተኛበት ሰዓትም ይጻፍ። ሌሊቱን በሽተኛ ስታነሳና ስታስተኛ አድራ ቀን መተኛቷ «አረፈች» አያሰኝም። ያ የሥራዋ ቀሪ ነው። ብዙ ባሎች ይህን እንደ ነፃ ጊዜ ይቆጥሩባታል። እሷ በተኛችበት ጠዋት ልጆቹን ቤት ውስጥ እየጮሁ ትተህ ረጅም ሩጫ ከሄድክ ሁለታችሁም ሳምንቱን ሙሉ ትከፍላላችሁ።

ቀጥሎ የእሷ የግል ሰዓት ይጻፍ። ለገበያ፣ ለልብስ አጠባ አይደለም። ከጓደኞቿ ጋር ቡና ልትጠጣ፣ ፀጉሯን ልትሠራ፣ ዝም ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። አንተ ቅዳሜ 4 ሰዓት ከወሰድክ እሷም 4 ሰዓት ይገባታል። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት፣ የተጠራችሁበት ክርስትናና ሰርግ ይገባል። ሩጫህ በመጨረሻ በተረፈው ቦታ ይጻፋል። ቦታ የሚተርፍ አይመስልህም። ይተርፋል።

ከሥራ ቀናት እንጀምር። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት 45 ደቂቃ ሩጥ። ሳንድዊችህን ጠረጴዛህ ላይ ትበላለህ። ሐሙስ፣ ልጆቹን ከአፍተር ኬር የምታወጣው እሷ ከሆነች፣ ቦርሳህን አዝለህ በሮክ ክሪክ ፓርክ በኩል ወደ ቤት ሩጥ። በባቡር ለመመለስ ታጠፋው የነበረው ሰዓት ከልምምዱ ላይ ይቀነስልሃል። ለእኔ ሥራና ልጅ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። የማውጣቱ ተራ ያንተ ከሆነ ግን አትሞክረው። አርፍዶ የመጣ አባት የሚጠብቅ ልጅ ያሳዝናል። እሷ ሥራ በምታድርበት ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቤት ውስጥ ትሬድሚል ላይ 40 ደቂቃ በቂ ነው። ትንሽ ከፍ አድርገህ እንደ ዳገት ፈጠን ብለህ ተራመድበት። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። 50 ማይል ላይ ብዙ ትራመዳለህ፤ ፈጥኖ መራመድን የተለማመደ ሰው ደግሞ ብዙ ሯጮችን ጥሎ ያልፋል።

ሁሉም ሩጫህ ሶምሶማ ይሁን። ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገርክ መሮጥ ካልቻልክ ፈጥነሃል። ሰዓት የሚያጥረው ሰው ያለችውን 40 ደቂቃ በፍጥነት ለማካካስ ይሮጣል። የሚያተርፈው ጉዳትና ቤት ሲገባ መነጫነጭን ነው። ከ5 ሰዓት በታች በተኛህበት ሌሊት ማግስት ደግሞ ሩጫውን ወደ ሃያ ደቂቃ አሳጥረው ወይም ሰርዘው። ሳታካክሰው እለፈው።

ረጅም ሩጫ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን። በየሳምንቱ ነው የሚሉህ አሠልጣኞች አሉ። ሁለት ልጅና የሌሊት ሺፍት ባለበት ቤት አልስማማም። አንዱ ቅዳሜ ያንተ፣ ቀጣዩ የእሷ። በእሷ ቅዳሜ አንተ አንድ ሰዓት ብቻ ትሮጣለህ፣ ሌላው ጊዜ ከልጆቹ ጋር ነህ። ርዝመቱን ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረህ ቀስ እያልክ እስከ 5 ሰዓት ገደማ ታደርሰዋለህ። ከ5 ሰዓት ብዙ አትለፍ። ከዚያ በላይ ያለው ድካም የሚቀጥለውን ሳምንት ይበላዋል። ትልልቆቹ ሦስት ናቸው፤ አንድ 20 ማይል፣ አንድ 24 ማይል፣ ከውድድሩ ሦስት ወይም አራት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ 26 ማይል። ለመጨረሻው ብዙዎች በኦክቶበር መጨረሻ የሚካሄደውን የማሪን ኮር ማራቶን ይጠቀሙበታል። ከተመዘገብክበት በሶምሶማ ሩጠው፤ ያለፈውን ሰዓትህን ለማሻሻል አትፈተን። እሑድ ስለሚውል ቅዳሴ የማያስቀሩ ከሆናችሁ ቅዳሜ ካናሉ ላይ ብቻህን ብትሮጠው ያው ነው። ከዚያ በኋላ ልምምዱን በየሳምንቱ እየቀነስክ ትሄዳለህ።

ረጅሙን ሩጫ የቤተሰብ ቀን ማድረግም ይቻላል። አንዱን መንገድ ልንገርህ። ጎህ ሲቀድ ጆርጅታውን ካናሉ መነሻ ላይ ተነስ። ግሬት ፎልስ ታቨርን 14 ማይል ላይ ነው። ባለቤትህ ያን ዕለት እረፍት ከሆነችና በደንብ ከተኛች በኋላ ልጆቹን ይዛ እዚያ ትጠብቅሃለች። ምሳ ይዛችሁ ትውላላችሁ። አንተ ግን ደርሰህ ዛፍ ሥር እንዳትጋደም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጆቹን የምታሯሩጠው አንተ ነህ፣ እሷ ትቀመጥ። ፏፏቴው አደገኛ ስለሆነ የትንሹን እጅ አትልቀቅ። ትንሹን በሩጫ ጋሪ አስቀምጠህ የስላይጎ ክሪክን አስፋልት መሮጥም ጥሩ ነው። የ3 ዓመት ልጅ ግን ከ45 ደቂቃ በላይ አይታገሥህም። መጫወቻ ቦታው ጋ መቆም አለብህ። ትልቁ በብስክሌት አጠገብህ ቢሄድ ደስ ይለዋል።

ቁልቁለቱን አትርሳ። ዌቨርተን ስትወርድ የታፋህ ጡንቻ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው። ያልለመደ ጡንቻ እዚያ ይጎዳና ካናሉ ላይ፣ ሜዳው ላይ፣ እምቢ ይልሃል። ደግነቱ ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። አንዴ ሁለቴ ቁልቁለት ከቀመሰ ለሳምንታት ይጠበቃል። ስለዚህ በየሳምንቱ ወደ ተራራ መንዳት አያስፈልግህም። በበጋ አንዴ፣ በሴፕቴምበር አንዴ፣ በኦክቶበር አንዴ ቤተሰቡን ይዘህ ሹገርሎፍ ተራራ ሂድ። እነሱ በእግራቸው ይንሸራሸሩ፣ አንተ ወጣ ወረድ በል። ስትመለሱ የሁላችሁንም ሰውነት ለመዥገር ፈትሹ። ጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ፀጉር ውስጥ፣ ጆሮ ጀርባ። ሜሪላንድ ላይ መዥገር የሚያስተላልፈው የላይም በሽታ አለ፤ ልጆች ደግሞ ሣር ውስጥ ይንከባለላሉ።

የእኛ ሰው ፕሮግራም የሚፈርሰው በለቅሶና በጥሪ ነው። ይህን ሌሎች አሠልጣኞች አይገባቸውም። የሰው ቤት አዝኖ እያለ «ልምምድ ነበረኝ» ተብሎ አይቀርም። ለቅሶ ከመጣ ሩጫው ይቀራል፣ በቃ። በየሁለት ሳምንቱ ያልኩህ አንዱም ለዚህ ነው፤ የሚገፋበት ቦታ አለው። ክርስትናና ሰርግ ግን ቀድሞ ስለሚታወቅ ካላንደሩ ላይ ያስገቡታል። ድግሱ የቅዳሜ ማታ ከሆነ ጠዋት ሮጠህ መሄድ ትችላለህ፤ እስክስታው ላይ ግን ቀስ በል። አማትህ ወይም እናትህ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋችሁ ከመጡም ጠባቂ አገኘሁ ብለህ ደስ አይበልህ። የመጡት የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ነው። መጠየቅ ይቻላል። ዝም ብሎ ጥሎ መውጣት ነው ነውሩ።

ጾም የምትጾሙ ከሆነ ይህም ከአሁኑ ይታሰብ። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው። ያኔ የዲሲ ወበቅ ከባድ ነው። ባዶ ሆድ፣ ሙቀትና ረጅም ሩጫ አብረው አይሄዱም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ረጅም ሩጫ አታስገባ። አጫጭሩን ከተፈታ በኋላ፣ ምሽት ላይ አድርገው። ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ሱፍና ተልባ ከበላህ ጡንቻህ አይራብም። ድካሙ ከወትሮው ከበዛብህ ግን ሐኪምህ የብረት ክምችትህን ይመርምርልህ። በጾሙ ሥርዓት ላይ ጥያቄ ካለህ ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፤ እኔ በዚያ አልገባም። ውድድሩ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ቅዳሜ ስለሚውል ከኖቬምበር 17 እስከ 23 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ይገባል። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት እንቁላልም ወተትም ክልክል አይደለም።

ሆድህንም አሠልጥነው። ሰውነት የሚያከማቸው ስኳር ለ50 ማይል አይበቃም። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሃል። አንድ ትልቅ ሙዝ ወደ 30 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም አለው። በሶ በማርና በትንሽ ጨው ተበጥብጦ ለብዙዎች ይስማማል። ጨው የነካው የተቀቀለ ድንችም እንዲሁ። ጂል (የሯጮች ዝልግልግ ጣፋጭ) ብቻ ይዘህ አትውጣ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጣፋጭ ነገር አንገሽግሾህ ሊያስመልስህ ይችላል። ምኑም ምኑ በረጅም ሩጫህ ላይ ተሞክሮ ይሁን። ዋዜማውን ቀለል ያለ ምግብ ብላ፤ ክትፎና ዱለቱ ለማግስቱ ይቆይ። ውኃ ሲጠማህ ጠጣ። ከመጠን በላይ ውኃ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን በውድድር ቀን አትውሰድ። ረጅም ሩጫ ላይ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ባለቤትህን ጠይቃት፣ ይህን እሷ ከእኔ በላይ ታስረዳሃለች። ሽንትህ እንደ ኮካ የጠቆረ እንደሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። ደረትህን ከጨነቀህ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ የሞተ ሰው ካለ ልምምዱን ሳትቀጥል ሐኪም ይይህ።

ለውድድሩ ቀን ሺፍቱ ከወዲሁ ይስተካከል። ሆስፒታሎች ፕሮግራም የሚያወጡት ሳምንታት ቀድመው ነው። ዓርብ ሌሊት ሠርታ አድራ ቅዳሜ ልጆች ይዛ ስትነዳ መዋል የለባትም። ለቤተሰብ በተፈቀዱት ቦታዎች ሁሉ ይከተሉኝ አትበል። በኖቬምበር ብርድ አንድ የ3 ዓመት ልጅ መንገድ ዳር ለሰዓታት አይቆምም። አንድ ቦታ ካናሉ ላይ ይዩህ፣ ከዚያ ሄደው ሞቅ ያለ ቦታ ይብሉ፣ ማታ ዊልያምስፖርት ይምጡ። እነሱ ባይመጡም ቅር አይበልህ፤ ጣቢያዎቹ ላይ የሚረዳህ ሰው ሞልቷል።

ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት አትሮጥም። ደረጃ መውረድም ያቅትሃል። ታንክስጊቪንግ በአምስተኛው ቀን ነው፤ እንግዳ ካላችሁ ዶሮውን አስቀድመህ ፍሪዘር ውስጥ አስገባ። እስከ ገና ያሉት ቅዳሜዎች በሙሉ የእሷ ናቸው። ካላንደሩን የምትገዙት አሁን ስለሆነ አብረህ ጻፋቸው።